ከመጋረጃው ጀርባ ያለው መሥሪያ ቤት

ተፋላሚው ወደ ሪንጉ ከመውጣቱ በፊት የሚያልፍባት አንዲት ጠባብ ቦታ አለች። ከመጋረጃው በስተኋላ፣ ተመልካች በማያያት ጥግ፣ የቴሌቪዥን መስኮቶችና የጆሮ ማዳመጫዎች የተደረደሩበት ጠረጴዛ ይቆማል። የአሜሪካው የሬስሊንግ ኩባንያ የደብሊው ደብሊው ኢ ሰዎች ይህችን ቦታ «ጎሪላ» ይሏታል። ስሙን ያገኘችው ከቀድሞው ተፋላሚ ከጎሪላ ሞንሱን ነው፤ ሰውየው በዘመኑ ከዚያ ቆሞ ትርኢቱን ይከታተል ነበርና። ዛሬም የምሽቱ አዛዥ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ጨዋታውን ለሚያስተላልፉት ጋዜጠኞች በጆሯቸው ይናገራል፤ ውጭ ከቆመው የስርጭት መኪና ጋር ይነጋገራል፤ ለዳኛው ስንት ደቂቃ እንደቀረ ይነግራል። ዳኛው የወደቀውን ሰው ሁኔታ ሊያይ ጎንበስ ሲል መልእክቱን በሹክሹክታ ያደርሳል። «ጨርሱ» ከተባለ፣ ሁለቱ ሰዎች አስቀድመው ወደሚያውቁት መጨረሻ ያመራሉ።

ሬስሊንግ በታየበት ሰፈር ሁሉ ልጆች የሚከራከሩበት ጥያቄ አንድ ነው፦ የእውነት ነው ወይስ የውሸት? ጥያቄው በይፋ ከተመለሰ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1989 የኩባንያው ሰዎች ራሳቸው ለኒው ጀርሲ ግዛት ሕግ አውጪዎች ትግሉ ውድድር ሳይሆን መዝናኛ መሆኑን አስረድተዋል። ምክንያታቸው ገንዘብ ነበር። ግዛቱ እንደ ስፖርት ከቆጠራቸው የአትሌቲክስ ኮሚሽን ቁጥጥርና ግብር ይከተላቸዋል፤ መዝናኛ ከሆኑ ግን ይቀርላቸዋል። ታዲያ ከዚያ ወዲህ ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነው። በዚህ ቤት ማን ለማን ይሠራል? ትእዛዙ ከየት ወደ የት ይወርዳል? አጥንት ሲሰበርስ ዕዳው የማን ነው?

ሥራውን ከሥር ጀምሮ ማየት ይበጃል። «ሮው» የተባለው የሰኞ ምሽት ዝግጅት ከጥር 1993 ጀምሮ በየሳምንቱ ሲተላለፍ የኖረ ነው፤ ከጥር 2025 ወዲህ የሚታየው በኔትፍሊክስ ነው። እንደ እግር ኳስ የእረፍት ወራት የሉትም። ለዚህ ማለቂያ የሌለው ታሪክ የደራሲያን ክፍል አለው። ብዙዎቹ ደራሲያን ከቴሌቪዥን ሥራ የመጡ ናቸው፤ የፊልም ተዋናዩ ፍሬዲ ፕሪንዝ ጁኒየር ራሱ በአንድ ወቅት እዚያ በደራሲነት ሠርቷል። ማን ከማን እንደሚጣላ፣ ማን ደጉ ማን ክፉው እንደሚሆን፣ በቪዲዮ ቤት ቋንቋ «አክተሩ» ማን እንደሆነ፣ የሻምፒዮንነት ቀበቶው በየትኛው ወር ከማን ወገብ ወደ ማን እንደሚሻገር በእነሱ ጠረጴዛ ላይ ይነደፋል። የመጨረሻው ቃል ግን የአንድ ሰው ነው። አርባ ዓመት ያህል ያ ሰው ቪንስ ማክማን ነበር፤ ትርኢቱ ሊጀምር ሰዓታት ሲቀሩት የተጻፈውን እንዳለ በመለወጥ ይታወቅ ነበር። ከ2022 ጀምሮ ቦታውን የያዘው ትሪፕል ኤች በሚል ስም የሚታወቀው የቀድሞ ተፋላሚ ፖል ሌቬክ ነው።

ቀድሞ እንዲህ ያለ የደራሲያን ሠራዊት አልነበረም። «ቡከር» የሚባል አንድ ሰው ግጥሚያዎቹን ያቅዳል፣ አሸናፊውን ይወስናል፤ ንግግሩን ግን ተፋላሚው በራሱ አፍ ይፈጥረዋል። አሁን ብዙው ንግግር ቃል በቃል ተጽፎ ይሰጣል። ተፋላሚው ጆን ሞክስሊ በ2019 ከደብሊው ደብሊው ኢ ወጥቶ በሰጠው ረጅም ቃለ ምልልስ በምሬት የተናገረው ስለዚህ ነበር፤ የማያምንበትን ቃል ሸምድዶ መናገር ሙያውን እንዳስጠላው ገልጿል። የሰውየው ቅሬታ ተገቢ ነው። ተመልካቹ ከገጸ ባሕርዩ ጋር የሚጣበቀው በንግግሩ ነው፤ ንግግሩ ከሌላ ሰው ብዕር ሲመጣ ቶሎ ይታወቃል።

በደራሲውና በተፋላሚው መካከል የሚቆመው ሰው ከሁሉም ያነሰ ስም ያለው፣ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ነው። ፕሮዲውሰር ይሉታል፤ ድሮ «ኤጀንት» ይባል ነበር። ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል የቀድሞ ተፋላሚ ነው። ደራሲው «ሴትየዋ በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ታሸንፋለች» ብሎ የተወውን ወረቀት ተቀብሎ፣ ሁለቱን ሰዎች ባዶው ሪንግ አጠገብ አስቀምጦ፣ የትኛው ውርወራ ከየትኛው እንደሚቀድም፣ ሕዝቡ መቼ ተስፋ እንደሚቆርጥና መቼ እንደሚነሣ አብሯቸው ይሠራል። ፓት ፓተርሰን ከእነዚህ አንዱ ነበር፤ በ1988 የተጀመረው «ሮያል ራምብል» የተባለ ግጥሚያ የእሱ ሐሳብ ነው። ቲጄ ዊልሰን ደግሞ በ2015 በደረሰበት የአንገት ጉዳት ከትግሉ ተሰናብቶ ወደ ፕሮዲውሰርነት ዞረ፤ የሴቶቹ ግጥሚያ ዛሬ ላለበት ደረጃ እጁ እንዳለበት አብረውት የሠሩት በአደባባይ መስክረዋል። መታገል ያልቻለ ሰውነት ያካበተው እውቀት እንዲህ ለሌሎች ይተላለፋል። በኩባንያው አደረጃጀት ውስጥ ከሁሉ የተሻለው ነገር ይህ ይመስላል።

ዳኛውም ቢሆን ተጫዋች ብቻ አይደለም። ጆሮው ውስጥ ትእዛዝ መቀበያ አለው፤ ሰዓት ይጠብቃል፤ እውነተኛ ጉዳት ሲደርስ ሁለት እጆቹን ከፍ አድርጎ በማጣመር ለሐኪሞቹ ምልክት ይሰጣል። ከእነዚህ በስተጀርባ ደግሞ ስማቸው የማይጠራ አሉ፦ ብረቱን፣ ጣውላውን፣ ስስ ስፖንጁንና ሸራውን ገጣጥመው ሪንጉን የሚያቆሙ፤ የካሜራና የመብራት ባለሙያዎች፤ ከትርኢቱ ጋር ከከተማ ከተማ እየተጓዙ የተቀደደ ልብስ የሚጠግኑ ሰፊዎች። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ደመወዝተኛ ሠራተኞች ናቸው። ሪንጉ ውስጥ የሚወድቀው ሰው ግን አይደለም።

ይህ ልዩነት ከየት እንደመጣ ለማወቅ አንድ መቶ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በ1920ዎቹ ኤድ «ስትራንግለር» ሉዊስ፣ ሥራ አስኪያጁ ቢሊ ሳንዶውና ቱትስ ሞንት የተባሉ ሦስት ሰዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። ከዚያ በፊት ተፋላሚ የሚዋዋለው ለየግጥሚያው ነበር፤ ግጥሚያዎቹም አንዳንዴ ሰዓታት የሚፈጁ አሰልቺ መያያዞች ነበሩ። ሦስቱ ተፋላሚዎችን ሰብስበው በቋሚ ውል ያዙ፤ ሰዓት ወሰኑ፤ አስደናቂ አጨራረሶችን አቀዱ፤ ቡድኑን እንደ ተጓዥ ቴአትር ከከተማ ከተማ አዞሩት። የዛሬው ኩባንያ አጥንት ያን ጊዜ ተሠራ።

ያ ዓይነቱ ድርጅት የሚቆመው በመተማመን ላይ ብቻ መሆኑም ወዲያው ታየ። በጥር 1925 ሉዊስ ቀበቶውን በስምምነት ለዌይን መን ለቀቀ። መን ግዙፍ የቀድሞ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ነበር፤ እውነተኛ ትግል ግን አያውቅም። በሚያዝያ፣ ፊላደልፊያ ላይ፣ ሊሸነፍለት የተስማማው ስታኒስላውስ ዝቢሽኮ ውሉን አፍርሶ በእውነት ታገለውና ደጋግሞ ጣለው። የሦስቱ ሰዎች ትልቁ ንብረት በአንድ ምሽት ወደ ተቀናቃኞቻቸው እጅ ገባ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን ቀበቶው የሚሰጠው ከከዳተኛ ራሱን መከላከል ለሚችል እውነተኛ ታጋይ ነበር፤ ሉ ቴዝ የዚህ ዓይነቱ ሻምፒዮን ነበር።

ክህደቱ ከላይም ሊመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 9 ቀን 1997 ሞንትሪያል ላይ የማክማን ኩባንያ ሻምፒዮን ብሬት ሃርት ወደ ተቀናቃኙ ኩባንያ ሊሄድ ተቃርቦ ነበር። በተወለደበት አገር ካናዳ ውስጥ ቀበቶውን ለሾን ማይክልስ አልለቅም ብሎ ነበርና ሌላ አጨራረስ ተስማሙ። ማክማን ግን ሃርት እጅ ሳይሰጥ ደወሉ እንዲደወል አዘዘ፤ ዳኛው ኧርል ሄብነር ትእዛዙን ፈጸመ። ሃርት በዚያች ደቂቃ የተማረው ነገር ቀላልና መራራ ነው፤ በጎሪላና በሪንጉ መካከል ያለችውን የትእዛዝ ክር የያዘው ሰው ሁሉንም ይዟል።

በሁለቱ ታሪኮች መካከል ያለው ዘመን የግዛቶች ዘመን ይባላል። በ1948 አዮዋ ውስጥ የተመሠረተው ናሽናል ሬስሊንግ አሊያንስ አሜሪካን ለአዘጋጆች እንደ ርስት ከፋፈላት። እያንዳንዱ በክልሉ ጌታ ነው፤ አንድ ሻምፒዮን በጋራ ያዞራሉ፤ ተፋላሚ ይለዋወጣሉ። ከአንዱ ጋር የተጣላ ሰው በሌላው ዘንድም በሩ ሊዘጋበት ይችላል። የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት በ1956 በፀረ ሞኖፖሊ ሕግ ጠይቋቸው በስምምነት ተፈረደ፤ ልማዱ ግን ቶሎ አልጠፋም። ብዙ ጊዜ ባለቤቱ፣ ቡከሩና ዋናው ጀግና አንድ ሰው ነበር። በሚኒሶታ ቨርን ጋኝ ኩባንያውን እየመራ ራሱ ሻምፒዮን ሆኖ ዓመታት ኖሯል። በ1982 የአባቱን ኩባንያ ከአባቱና ከሸሪኮቹ የገዛው ቪንስ ማክማን ይህን ርስት ሁሉ ጥሶ በኬብል ቴሌቪዥን አገሩን አዳረሰ፤ በመጋቢት 1985 «ሬስልማኒያ» የተባለውን ትልቅ ትርኢት ለመጀመሪያ ጊዜ በኒው ዮርክ አካሄደ። በ2001 የመጨረሻ ትልቅ ተፎካካሪውን ደብሊው ሲ ደብሊውን ገዛ፤ በዓመቱ ተፋላሚዎቹ ስለበዙበት ኩባንያውን «ሮው» እና «ስማክዳውን» ብሎ ለሁለት ከፈለ። በመስከረም 2023 ደግሞ ኩባንያው ከድብልቅ ፍልሚያ አዘጋጁ ከዩ ኤፍ ሲ ጋር ተዋሕዶ ቲ ኬ ኦ በሚባል ድርጅት ሥር ገባ።

አሁን ወደ ውሉ እንመለስ፤ ጉዳዩ የከረረው እዚህ ነውና። የደብሊው ደብሊው ኢ ተፋላሚ ለዓመታት የሚቆይ ውል ይፈርማል። ዝቅተኛ ክፍያ ይረጋገጥለታል፤ ስሙ ከታተመበት ካናቴራና አሻንጉሊት ድርሻ ያገኛል። ለሌላ ኩባንያ መታገል አይችልም። የት ከተማ፣ በየትኛው ቀን፣ በምን ልብስ፣ ስንት ደቂቃ፣ ተሸንፎ ወይስ አሸንፎ እንደሚወጣ ይነገረዋል። ወረቀቱ ላይ ግን «ራሱን የቻለ ተቋራጭ» ይባላል፤ ቤት ሊቀባ ወይም ቧንቧ ሊጠግን እንደመጣ ባለሙያ ማለት ነው። ስለዚህ ግብሩን ራሱ ይከፍላል፤ የጤና መድኅኑን ራሱ ይገዛል። የአውሮፕላኑን ትኬት ኩባንያው ሲችል፣ የሆቴሉንና የኪራይ መኪናውን ተፋላሚው ከኪሱ መክፈሉ ለአሥርተ ዓመታት የቆየ ልማድ ነበር። ሪንግ ውስጥ ለደረሰ ጉዳት ኩባንያው ሕክምናውን ይሸፍናል፤ ይህ እውነት ነው፤ ሊካድም አይገባም። ነገር ግን የእግሩ አረማመድ በደቂቃ የሚታዘዝ ሰው ተቋራጭ ነው ማለት ቃሉን ከትርጉሙ መነጠል ነው።

ስሙም የእሱ ላይሆን ይችላል። ኮዲ ሮድስ የዝነኛው ተፋላሚ የደስቲ ሮድስ ልጅ ነው። በ2016 ከደብሊው ደብሊው ኢ ሲወጣ አባቱ ሕይወቱን ሙሉ የታገለበትን «ሮድስ» የሚል መጠሪያ ከስሙ ጋር አያይዞ በሪንግ ሊጠቀምበት አልቻለም፤ የንግድ ምልክቱ በኩባንያው እጅ ነበርና። ዓመታት «ኮዲ» ብቻ ተብሎ ተጠራ፤ ስሙን ያስመለሰው በ2020 ነው። «ሮድስ» በእርግጥ የመድረክ ስም ነው፤ የቤተሰቡ መጠሪያ ራነልስ ነው። እንዲያም ሆኖ ከስሙ ቀጥሎ የአባቱን ስም ተሸክሞ ለሚኖር አማርኛ አንባቢ የዚህ ነገር ክብደት ብዙ ማብራሪያ አይሻም።

ተፋላሚዎቹ ዝም ብለው ተቀምጠው አያውቁም፤ ግን አንድ ሆነው ተነሥተው አያውቁም። በ1986 ከሁለተኛው ሬስልማኒያ በፊት ጄሲ ቬንቹራ በልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ማኅበር እናቋቁም ብሎ ተናገረ። ወሬው ወዲያው ማክማን ጆሮ ደረሰ። ማን እንደነገረው ቬንቹራ ያወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። በቪዲዮ ሽያጭ ድርሻ ጉዳይ ኩባንያውን ከስሶ ከ800 ሺህ ዶላር በላይ ባስፈረደበት ክርክር፣ በምስክርነት ቃል ውስጥ የወጣው ስም የሃልክ ሆገን ነበር፤ ከሁሉም በላይ የሚከፈለው የዘመኑ ኮከብ። ቬንቹራ በኋላ የሚኒሶታ አስተዳዳሪ ሆነ። በ2008 ሦስት የቀድሞ ተፋላሚዎች ሠራተኞች ነበርን፣ ተቋራጮች አልነበርንም ብለው ከሰሱ፤ ጉዳዩ በዓመቱ ውድቅ ሆነ። በ2020 ኩባንያው ተፋላሚዎቹ በቪዲዮ ጨዋታና በመሳሰሉ የኢንተርኔት መድረኮች በግላቸው ገንዘብ እንዳያገኙ ሲከለክል ክርክሩ እንደገና ነደደ። በኅዳር ዜሊና ቬጋ ተሰናበተች፤ በዚያው ሰዓት ማኅበር መመሥረትን እንደምትደግፍ በትዊተር ጻፈች። የተዋንያኑ ማኅበር ሳግ አፍትራ ተፋላሚዎችን አነጋግራለሁ አለ። ቬጋ በማግሥቱ ዓመት ተመለሰች፤ ማኅበሩ ግን እስካሁን የለም።

ለውጥ የመጣው በሞት በኩል ነው፤ ይህን መጻፍ ያሳዝናል። በግንቦት 1999 የብሬት ታናሽ ወንድም ኦወን ሃርት ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ከአዳራሹ ጣራ በገመድ ሲወርድ ማሠሪያው ተለቀቀ፤ ከ20 ሜትር በላይ ወድቆ ሞተ። ትርኢቱ በዚያ ምሽት ቀጠለ። ቤተሰቡ ባቀረበው ክስ ኩባንያው በ18 ሚሊዮን ዶላር ታረቀ። በኅዳር 2005 ኤዲ ጌሬሮ በሆቴል ክፍሉ በልብ ሕመም አረፈ፤ 38 ዓመቱ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ የመድኃኒት ምርመራና የልብ ክትትል ያካተተ የጤና ደንብ ወጣ። በ2010 በወንበር ራስ መምታት ተከለከለ። ለቀድሞ ተፋላሚዎችም ከሱስ መላቀቂያ ሕክምና በኩባንያው ወጪ ይሰጣል። ደንቦቹ መልካም ናቸው፤ ጠበቃ የሆነ ማኅበር ቢኖር ግን ቀብር ሳይጠብቁ ሊወጡ ይችሉ ነበር።

ሌሎች አገሮች የተለየ አድርገውታል። በሜክሲኮ ከተማ ተፋላሚ መሆን የሚሻ ሰው በኮሚሽን ፊት ተፈትኖ ፈቃድ የሚያወጣበት የቆየ ሥርዓት አለ። በ1933 የተመሠረተው ሲ ኤም ኤል ኤል ከመሥራቹ ከሳልቫዶር ሉተሮት ቤተሰብ እጅ አልወጣም። የኩባንያው አቃጅ የነበረው አንቶኒዮ ፔኛ በ1992 ወጥቶ ትሪፕል ኤ የተባለውን አቋቋመ፤ እሱንም በ2025 ደብሊው ደብሊው ኢ መግዛቱን አስታወቀ።

ጃፓን የበለጠ ታስገርማለች። አንቶኒዮ ኢኖኪ በ1972 የመሠረተው ኒው ጃፓን አዲስ ገቢዎችን «ወጣት አንበሶች» ይላቸዋል። በማሠልጠኛው ቤት አብረው ያድራሉ፤ ያጸዳሉ፤ ለታላላቆቹ ያበስላሉ፤ ጥቁር ቁምጣ ለብሰው ያለ ጌጥና ያለ ገጸ ባሕርይ ይታገላሉ፤ ከዚያ ወደ ውጭ አገር ተልከው ሌላ ሰው ሆነው ይመለሳሉ። የኔታ ዘንድ እንጨት እየለቀመና ውኃ እየቀዳ ዜማ የተማረ ተማሪ ሥርዓቱን ሳይነግሩት ይረዳዋል። የበላይ አመራሩም ከሪንጉ ሊመጣ ይችላል፤ በ2023 መጨረሻ ሂሮሺ ታናሃሺ የሚወደድ ተፋላሚ ሆኖ ሳለ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ተባለ።

ያም ሆኖ ተፋላሚ አለቃ መሆኑ ብቻውን ሰውነቱን አላዳነውም። በ2000 ተፋላሚው ሚትሱሃሩ ሚሳዋ ኦል ጃፓን ከተባለው ሌላ ኩባንያ ባለቤት ጋር ተለያይቶ ወጣ። ከጃፓናዊ ተፋላሚዎቹ ከሁለቱ በስተቀር ሁሉም ተከተሉት፤ አብረው ኖኣ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። በሬስሊንግ ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ የጋራ እርምጃ ማግኘት ይከብዳል። ሚሳዋ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ መታገሉን ግን አልተወም፤ ሕዝቡ የሚመጣው እሱን ሊያይ ነበርና። እ.ኤ.አ. ሰኔ 13 ቀን 2009 ሂሮሺማ ውስጥ በጀርባው ተወርውሮ ወደቀ፤ አልተነሣም። 46 ዓመቱ ነበር።

በአሜሪካም በ2019 በቶኒ ካን ገንዘብ የተቋቋመው ኤ ኢ ደብሊው የተባለ ኩባንያ ለተፋላሚዎቹ የሥራ አስፈጻሚነት ማዕረግ ሰጥቶ ነበር፤ ኮዲ ሮድስ፣ ኬኒ ኦሜጋና ያንግ ባክስ ወንድማማቾች ምክትል ፕሬዚዳንት ተባሉ። የተፋላሚው ድምፅ በአመራሩ ውስጥ እንዲሰማ ማድረጉ የሚመሰገን ነው። ችግሩ በመስከረም 2022 ታየ። ተፋላሚው ሲ ኤም ፐንክ ከእነዚሁ ሹማምንት ከኦሜጋና ከያንግ ባክስ ጋር በመጋረጃው ጀርባ በእውነት ተደባደበ፤ ሁሉም ታገዱ። አለቃና ተቀናቃኝ ተዋናይ በአንድ ሰው ሲሆኑ ቅሬታ የሚቀርብለት ገለልተኛ ሰው ይጠፋል።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ነገር ከደብሊው ደብሊው ኢ እኅት ኩባንያ በኩል መጥቷል። የዩ ኤፍ ሲ ተፋላሚዎችም በወረቀት ተቋራጮች ናቸው። ክፍያችንን አፍናችሁ ያዛችሁ ብለው በፀረ ሞኖፖሊ ሕግ ለአሥር ዓመት ያህል ተሟግተው፣ በ2025 ፍርድ ቤት ያጸደቀውን የ375 ሚሊዮን ዶላር ዕርቅ አግኝተዋል። ከፋዩ ከደብሊው ደብሊው ኢ ጋር በአንድ ጣራ ሥር የሚኖረው ቤት ነው። በሬስሊንጉ በኩል እንዲህ ያለ ገንዘብ ያየ የለም።

ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ በ2013 የተከፈተው የኩባንያው ማሠልጠኛ ሰባት ሪንጎች አሉት። ከፉትቦል፣ ከጂምናስቲክና ከኦሎምፒክ ትግል የመጡ ወጣቶች እዚያ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚማሩት ማሸነፍን አይደለም፤ አገጭን ወደ ደረት ሰብስቦ፣ ሁለት ክንድን በሸራው ላይ ዘርግቶ እየመቱ በጀርባ መውደቅን ነው። ከመውደቃቸው በፊት የፈረሙት ወረቀት አለ። ራሳቸውን የቻሉ ተቋራጮች እንደሆኑ ይናገራል።